ጆን ጋራንድና ሰባተኛይቱ ጥይት

ስመ ጥር ሰዎችን ስናነሣ ብዙውን ጊዜ የምናስበው ነገሥታትን፣ የጦር አለቆችንና ደራስያንን ነው። በቶርኖና በሞረድ ፊት ቆሞ ዕድሜውን የፈጸመ ሰው ግን፣ የሠራው ዕቃ በሚሊዮን በሚቈጠሩ እጆች ቢያዝም እንኳ፣ ታሪኩን የሚጠይቅለት ጥቂት ነው። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በኮርያ ተራሮች ላይ የተዋጉበትን ኤም ዋን የተባለውን ጠመንጃ የፈለሰፈው ጆን ጋራንድ እንዲህ ካሉት ሰዎች አንዱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ጋራንድ በ1888 ዓ.ም. ጃንዋሪ 1 ቀን በካናዳ አገር፣ በኩቤክ ክፍል፣ ከሞንትሪያል ብዙ በማይርቅ ሴን ሬሚ በተባለ የገበሬዎች አገር ተወለደ። ወላጆቹ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ስለ ነበሩ የተሰጠው ስም ዣን ነው፤ ጆን የተባለው ኋላ በአሜሪካ ነው። ቤተ ሰቡ ዐሥራ ሁለት ልጆች ነበሩት። እናቱ ገና በልጅነቱ ስለ ሞተችበት አባቱ ልጆቹን ይዞ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ኮነቲከት ተሻገረ። እዚያም ትንሹ ጋራንድ ትምህርቱን ትቶ በጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ወለል ጠራጊ ሆኖ ተቀጠረ። እንግሊዝኛ የተማረውም በፋብሪካው ውስጥ ነው። መጥረጊያውን እየገፋ መኪናዎቹ እንዴት እንደሚሠሩ ሲመለከት ሲመለከት የብረት ሥራ ፍቅር አደረበትና ጥቂት ቈይቶ እርሱ ራሱ የብረት ሥራ ባለሙያ ሆነ። ከዚያም በሮድ አይላንድ ውስጥ በታወቀ የመሣሪያ ፋብሪካ ሠራ። የእረፍት ጊዜውን ደግሞ በዒላማ መተኮሻ ቦታ ያሳልፍ ነበር።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አሜሪካን በደረሳት ጊዜ፣ በ1917 ዓ.ም.፣ ጋራንድ አንድ ቀላል መትረየስ ነድፎ ለጦር መሥሪያ ቤት አቀረበ። መትረየሱ ጦርነቱ ከማለቁ በፊት ሊደርስ አልቻለም፤ ነገር ግን ንድፉን ያዩት ሰዎች የሠሪውን ችሎታ ስላወቁ በዋሽንግተን ሥራ ሰጡት፤ በ1919 ዓ.ም. ደግሞ በማሳቹሴትስ ወደሚገኘው ወደ ስፕሪንግፊልድ የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ተዛወረ። ከዚህ በኋላ ጡረታ እስከሚወጣበት ቀን ድረስ ከዚያ ቦታ አልተነቃነቀም።

የተሰጠው ሥራ ምን እንደ ነበረ ለመረዳት አያቶቻችን የያዙትን ምኒሽርና ቤልጅግ ማሰብ ይበቃል። በእነዚህ ጠመንጃዎች አንድ ጥይት ከተተኰሰ በኋላ ተኳሹ መዝጊያውን በእጁ ጎትቶ ባዶውን ቀለህ ማውጣት፣ ገፍቶም ሌላ ጥይት ማጉረስ አለበት። የአሜሪካ ጦር የፈለገው ቃታው በተሳበ ቍጥር አንድ ጊዜ ብቻ የሚተኩስ፣ ቀለሁን የሚያወጣና ቀጣዩን ጥይት የሚያጎርስ፣ ነገር ግን ይህን ሁሉ በራሱ የሚፈጽም ጠመንጃ ነው። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። የሚከብደው መተኰሱ ሳይሆን ማጉረሱ ነው፤ ጥይቲቱ ከማቀፊያዋ ወጥታ፣ አፍንጫዋን አቅንታ፣ በቱቦው ሥር ወዳለው ቤቷ እንድትገባ የሚፈቀድላት ጊዜ ከዐይን ጥቅሻ ያነሰ ነውና። ሞላው ከደከመ፣ ወይም መዝጊያው በቂ መንገድ ወደ ኋላ ካልሄደ፣ ወይም ማቀፊያው በጥቂት ካዘነበለ፣ ጥይቲቱ ተሰንቅራ ትቀራለች።

ጋራንድ በመጀመሪያ የሞከረው ጠመንጃ የሚንቀሳቀሰው በጥይቱ መቀጣጠያ ወደ ኋላ መገፋት ነበር። ጥሩ ሠርቶለት ሳለ ጦሩ የባሩዱን ዓይነት ስለ ለወጠ የብዙ ዓመት ድካሙ ከንቱ ሆነ። አንድ ሠራተኛ በዚህ ጊዜ ቢማረር ማን ይፈርድበታል? እርሱ ግን ሁሉንም ትቶ በባሩድ ጋዝ ወደሚሠራ ሌላ ንድፍ ዞረ። በዚያን ጊዜ ፔደርሰን የተባለ እጅግ የታወቀ የመሣሪያ ሊቅ ተወዳዳሪው ነበር። የፔደርሰን ጠመንጃ ጥይቶች ያለ ችግር እንዲወጡና እንዲገቡ ሰም መቀባት ያስፈልጋቸው ነበር፤ የጋራንድ ጠመንጃ ግን ደረቅ ጥይት ይበላል፤ ብልጫውም አንዱ ይህ ነበር። በ1932 ዓ.ም. የጦሩ ኤታ ማዦር ሹም ጄኔራል ዳግላስ ማክአርተር አነስተኛው አዲስ ጥይት ቀርቶ በግምጃ ቤት የተከማቸው የቀድሞው ትልቅ ጥይት እንዲሠራበት አዘዘ። ጋራንድም ጠመንጃውን ለዚያ ጥይት አስተካከለ። በጃንዋሪ 1936 ዓ.ም. ኤም ዋን በሚል ስም የአሜሪካ ጦር ጠመንጃ ሆነ።

የጠመንጃው አሠራር እንዲህ ነው። ስምንት ጥይቶች በአንድ የብረት ማቀፊያ ውስጥ በሁለት ረድፍ ተደርድረው ከነማቀፊያቸው ከላይ ወደ ጠመንጃው ሆድ ይገባሉ። ሲተኰስ ከባሩዱ ጋዝ ጥቂቱ አንድ ረዥም ዘንግ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ዘንጉ መዝጊያውን አዙሮ ይከፍተዋል፤ ቀለሁ ይፈናጠራል። ከዚያም ሞላው ዘንጉንና መዝጊያውን ወደ ፊት ሲመልሳቸው መዝጊያው ከላይ ያለችውን ጥይት ገፍቶ ያጎርሳል፤ ከሥር ያለው ገፊ ደግሞ የቀሩትን ወደ ላይ ያነሣል። ስምንተኛይቱ ስትተኰስ ባዶው ማቀፊያ ድምፅ አሰምቶ ወደ ውጭ ይዘላል።

አሁን የታሪኩ ልብ ወደ ሆነው ነገር ደርሰናል። በሙከራ ቤት በእጅ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ጠመንጃዎች ደኅና ይሠሩ ነበር። ፋብሪካው አዳዲስ መኪናዎች ተክሎ በ1937 ዓ.ም. በብዛት ማውጣት ከጀመረ በኋላ ግን አንድ እንግዳ ቅሬታ ተሰማ። ስድስት ጥይት በሰላም ይተኰሳል፤ ሰባተኛይቱ ተሰንቅራ ትቀራለች። ዛሬ በዚህ ጠመንጃ፣ ነገ በዚያኛው፣ ግን ሁልጊዜ ሰባተኛይቱ! ጊዜው ደግሞ መጥፎ ነበር። በ1939 ዓ.ም. በኤውሮጳ ጦርነት ተነሥቷል፤ በአሜሪካ ጋዜጦችና በምክር ቤቱ ውስጥ የጋራንድን ጠመንጃ ትተን የጆንሰንን እንውሰድ የሚሉ ተቺዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገዋል። ንድፉ ራሱ የተበላሸ ቢሆን ኖሮ የሃያ ዓመት ድካም ብቻ ሳይሆን የአንድ ሠራዊት ትጥቅ ከንቱ ይሆን ነበር።

በስፕሪንግፊልድ ምርመራው ሲደረግ ጥፋቱ በንድፉም በጥይቱም በተኳሹም አልተገኘም። በጠመንጃው ሆድ ውስጥ ማቀፊያውን ደግፎ የሚይዝ አንድ ትንሽ የብረት ጠርዝ አለ። መኪናዎቹ ሲተከሉ የመቍረጫው ስለት በቀላሉ እንዲያልፍ ሲባል ከዚያ ጠርዝ ጥቂት ተቈርጦ እንዲወድቅ ተደርጎ ነበር። ይህን ያደረገው ሰው ጠርዙ የሚረባ ነገር አልመሰለውም። ድጋፉን ያጣው ማቀፊያ ግን ሁለት ጥይት ብቻ ሲቀሩት ከቦታው ስለሚያዘነብል ጥይቲቱ መንገዷን ትስታለች። በሙከራ ቤት የተሠሩት ጠመንጃዎች ጠርዙ ስላልጎደላቸው ይህ ሕመም አልነካቸውም። መድኃኒቱም ቀላል ሆነ፤ ጠርዙ በአዲሶቹ ላይ እንደ ቀድሞው ተመለሰ፤ በተሠሩት ላይ ደግሞ የጎደለው ብረት ተበየደባቸው። ሰባተኛይቱ ጥይትም እንደ እኅቶቿ መግባት ጀመረች።

በዚሁ ዘመን ሌላም ነገር ተለወጠ። በመጀመሪያው ንድፍ ጋዙ የሚያዘው በአፈሙዙ ጫፍ ላይ በተደረገ ቆብ መሰል ዕቃ ነበር፤ ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ ፈንታ በቱቦው ሥር ትንሽ ቀዳዳ ተበጀለት። ጦርነቱ አሜሪካንን ከነካ በኋላም በዝናብ ውስጥ መዝጊያው እየደረቀ አልከፈት የሚልበት ሁኔታ ታየ፤ ይህም የሆነው ውሃው ዘይቱን ስለሚያጥበው ነበር። ውሃ የማያጥበው ግራሶ ተገኝቶለት ተቃለለ። በኮርያ ክረምት ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ በብርዱ የወፈረ ዘይት ዘንጉን ስለሚያዘገየው ወታደሩ ዘይቱን መጥረግና እጅግ ማሳሳት ነበረበት። በ1951 ዓ.ም. ፑሳን የደረሱት የቃኘው ወታደሮች የደጋ ልጆች ቢሆኑም እንዲህ ያለ ብርድ አይተው አያውቁም ነበር።

ጋራንድ ስለ ጠመንጃው ምን አገኘ? የፈጠራ መብቱን ለመንግሥት አሳልፎ ስለ ሰጠ ደመወዙን እንጂ ከአንዱም ጠመንጃ ሳንቲም አልተቀበለም። መቶ ሺህ ዶላር ይሰጠው የሚል ሐሳብ ለአሜሪካ ምክር ቤት ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀረ። በ1944 ዓ.ም. ሜዳሊያ ተሸለመ። እስከ 1957 ዓ.ም. ድረስ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ኤም ዋን መሠራቱን ስናስብ ይህ ነገር ለእኛ ከባድ ይመስለናል፤ እርሱ ግን ቤቱንና ሥራውን እንጂ ክርክሩን የሚወድ ሰው አልነበረም። በረዶ ላይ መንሸራተት እጅግ ስለሚወድ አንድ ጊዜ የቤቱን ወለል ውሃ አፍስሶ አበርዶ መንሸራተቻ አደረገው ይባላል። ለባለቤቱ ምን እንዳላት ማወቅ ደስ ይለን ነበር።

በ1953 ዓ.ም. ጡረታ ወጣ። ፋብሪካው በ1968 ዓ.ም. ተዘጋ፤ ቦታው ቤተ መዘክር ሆነና የሙከራ ጠመንጃዎቹ እዚያ ተቀመጡ። ጋራንድም ከተማውን ሳይለቅ በ1974 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 16 ቀን በ86 ዓመቱ ዐርፎ በዚያው በስፕሪንግፊልድ ተቀበረ።