በባዕድ ምድር የተጽናኑበትን ቃል ለወገን ያደረሱት ኦነሲሞስ ነሲብ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1856 ገደማ፣ በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ አንድ ሕፃን ተወለደ። ስሙንም ሂካ አሉት፤ በኦሮምኛ ተርጓሚ እንደማለት ነው። አባቱን ገና በአራት ዓመቱ በሞት አጣ። በ1869 ደግሞ ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ጉያ ነጠቁት። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 ስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጣው።

ነጻ ቢወጣም እናቱም ቀዬውም ሩቅ ነበሩ። በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠረ፤ ቅዱሳት መጻሕፍትንም አነበበ። በ1872 ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ። ይህ ስም ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና በላከው አጭር መልእክት ውስጥ ይገኛል። ሐዋርያው በዚያ መልእክት፣ ባሪያ የነበረው ሰው እንደ ተወዳጅ ወንድም እንዲቆጠር ጌታውን ይለምናል። በገበያ ለተሸጠ ልጅ ከዚህ የቀረበ መጽናኛ አልነበረም።

ኦነሲሞስ በስዊድን ተምረው በ1881 ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የሕይወታቸው ዓላማ አንድ ሆነ፤ እርሳቸው የተጽናኑበትን ቃል ወገኖቻቸው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲያነቡት ማድረግ። በሱዳን በኩል ወደ ሀገራቸው ለመግባት ቢነሡም መንገዱ አልቀናም። በምጽዋ አቅራቢያ እምኩሉ ተቀምጠው መተርጎም ጀመሩ።

ሥራው ግን ብርቱ እንቅፋት ነበረበት። በልጅነታቸው ከወገን ስለተለዩ የእናት ቋንቋቸው ቃላት አጥረዋቸው ነበር። ይህን ጉድለት የሞላችው እንደ እርሳቸው ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ ናት። ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ የኦሮምኛ ቃላትን ሰበሰበች፤ በትርጉሙም ረዳቻቸው። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በግእዝ ፊደል ታተመ።

በ1904 ነቀምቴ ሲገቡ ሕዝቡ ቋንቋውን በመጽሐፍ አየ። ይሁንና ሌላ መከራ ተከተለ። በ1906 ተከሰው በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ ከስፍራው እንዲወጡም ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው በነቀምቴ እንዲኖሩ ፈቀዱ፤ ስብከት ግን ከለከሏቸው። ኦነሲሞስም በትምህርት ቤታቸው ልጆችን ማስተማር ቀጠሉ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እስኪፈቅዱላቸው ድረስ አሥር ዓመት ታገሡ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እርሳቸው ባይሰብኩም የተረጎሙት መጽሐፍ ይነበብ ነበር።

ኦነሲሞስ ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም በነቀምቴ ዐረፉ። ከእናቱ ጉያ የተነጠቀው ሂካ፣ እናቱ ያወጣችለትን ቋንቋ መልሶ አገኘው፤ ስሙንም በሥራው ፈጸመ።