ፍራንሲስ ጋልተንና የነጥቦች ምስክርነት

ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1822 በእንግሊዝ አገር፣ በበርሚንግሃም ከተማ አቅራቢያ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። የቻርልስ ዳርዊን ዘመድ የሆነው ይህ ሰው ሕክምናንና ሒሳብን ተምሯል፤ ስሙን ያስጠራው ግን ያገኘውን ሁሉ የመለካትና የመቁጠር ልማዱ ነው።

በ1886 ባሳተመው ጥናት የ205 ቤተሰቦችን ወላጆችና 928 ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆቻቸውን ቁመት አነጻጸረ። የወላጆችን አማካይ ቁመት በአንድ ወገን፣ የልጆችን ቁመት በሌላው ወገን አድርጎ፣ በየመገናኛው ላይ የልጆቹን ብዛት ጻፈ። እኩል የሆኑትን ቁጥሮች በመስመር ሲያያይዝ ሞላላ ቅርጽ ወጣለት። የረጃጅም ወላጆች ልጆች ረጃጅም ቢሆኑም፣ ከአማካዩ የራቁት ወላጆቻቸው የራቁትን ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነበር።

በ1888 ደግሞ ክንድን፣ ማለትም ከክርን እስከ መካከለኛው ጣት ጫፍ ያለውን ርዝመት፣ ከቁመት ጋር አመዛዘነ። ሁለቱ በየራሳቸው የስርጭት መጠን ሲለኩ ተዛምዷቸው በአንድ ቁጥር ተገለጸ፤ እርሱም 0.8 ያህል ሆነ። ነጥቦቹ ሽቅብ በሚወጣ ቀጥተኛ መስመር ዙሪያ ሲጠጋጉ ቁጥሩ ወደ 1 ይቀርባል፤ ያለ አቅጣጫ ሲበተኑ ወደ 0 ይወርዳል። ካርል ፒርሰን በ1896 ስሌቱን ዛሬ በሚሠራበት መልክ አደላደለው።

ረጅም ክንድ ቁመትን አያስረዝምም። ጋልተንም ተዛምዶ የሚመነጨው ሁለቱን በጋራ ከሚነኩ ምክንያቶች መሆኑን በዚያው ጥናት አስረድቷል። ይሁን እንጂ ይህን ጥንቃቄ በሰው ችሎታ ላይ አላዋለውም። በ1869 ባሳተመው መጽሐፍ ዝነኞች ከዝነኛ ቤተሰብ መብዛታቸውን ተመልክቶ ምክንያቱን በአመዛኙ ለደም ሰጥቶ ነበር፤ ሀብትና ትምህርትም ከአባት ወደ ልጅ እንደሚተላለፉ አቃልሎ አየ። በ1883 ዩጀኒክስ ብሎ የሰየመውን የዘር ማሻሻል አሳብ በ1911 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ደገፈ። በ1933 የናዚ ጀርመን መንግሥት በዚሁ አስተሳሰብ ተመርኩዞ ሰዎችን በግዳጅ የማምከን ሕግ አወጣ።

የነጥብ ንድፍ የሚያነብ ባለሙያ አስቀድሞ የነጥቦቹን አቅጣጫና መጠጋጋት፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ወይም የጎበጠ መሆኑን፣ ከሌሎቹ የተነጠለ ነጥብ መኖሩንም ይመረምራል፤ ቁጥሩን የሚያሰላው ከዚያ በኋላ ነው። ምክንያቱን ግን ንድፉ ብቻውን አይነግረውም። ሁለቱን በአንድነት የሚያንቀሳቅስ ሦስተኛ ነገር እንዳለ መፈለግ የራሱ የባለሙያው ኃላፊነት ነው።