ቀላል ፈተና ያልፈለገችው ኤሚሊ ዴቪስ

በዛሬው እትማችን የምናስታውሳት የኤሚሊ ዴቪስ የትግል መሣሪያ ደብዳቤ፣ ኮሚቴና የፊርማ ወረቀት ነበር። በእነዚሁ መሣሪያዎች ለዘመናት ተዘግቶ የኖረውን የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በር ለሴቶች ማስከፈት ጀመረች።

ኤሚሊ በ1830 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በእንግሊዝ አገር፣ በሳውዝሃምፕተን ከተማ፣ ከአንድ ቄስ ቤት ተወለደች። ወንድሞቿ ተምረው ካምብሪጅ ሲገቡ እሷ ሴት ናትና ቤት ቀረች። አባቷን በሥራ መርዳትና የታመመ ቤተሰብ ማስታመም የወጣትነት ድርሻዋ ሆነ። ቁጭቱ ግን ከውስጧ አልወጣም።

ብቻዋን እንደማትችለው የገባት ቀደም ብሎ ነው። ወዳጇ ኤልሳቤጥ ጋሬት ሐኪም ለመሆን ስትታገል አብራት ቆመች። አባቷ ከሞቱ በኋላ በ1862 ከእናቷ ጋር ወደ ለንደን ተዛወረች። እዚያም ለሴቶች መብት ከሚሠሩት ከባርባራ ቦዲሾንና ከጓደኞቿ ጋር ተባበረች። በ1865 የኬንሲንግተን ማኅበር ሲቋቋም ጸሐፊዋ ኤሚሊ ነበረች። አባላቱ በተመረጠ ጥያቄ ላይ ሐሳባቸውን ይጽፋሉ፣ ይከራከራሉ፤ ከለንደን ውጭ ያሉትም በፖስታ ይልካሉ። በ1866 ከዚሁ ክበብ የሴቶች ምርጫ አቤቱታ ወጣ፤ ወደ 1,500 የሚጠጉ ሴቶች ፈረሙበት። ኤሚሊና ኤልሳቤጥ ጥቅሉን ይዘው ፓርላማ ሲደርሱ ሰው እንዳያያቸው ስላፈሩ ከአንዲት ፖም ሻጭ ጠረጴዛ ሥር ደበቁት። ኋላ የፓርላማ አባሉ ጆን ስቱዋርት ሚል መጥቶ ተረከባቸው።

ለእኛ ለመምህራን ከሁሉ የሚበልጠው ግን የፈተናው ታሪክ ነው። ካምብሪጅ ለወንድ ተማሪዎች የሚሰጠውን የትምህርት ቤት ፈተና ሴቶችም እንዲሞክሩት በ1863 ፈቀደ። የቀረው ጊዜ ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ! የኤሚሊ ኮሚቴ ተሯሩጦ 83 ልጃገረዶችን አስፈተነ። ታዲያ ውጤቱ ሲመጣ ከከፍተኛው ክፍል 40 ተፈታኞች 34ቱ በሒሳብ ወደቁ። ሌላ ሰው ቢሆን ውጤቱን ይደብቅ ነበር፤ ወይም ለሴቶች ቀለል ያለ ሒሳብ ይውጣ ብሎ ይለምን ነበር። ኤሚሊ ግን ጉድለቱ ከልጆቹ አእምሮ ሳይሆን ከማስተማሩ መሆኑን ለሁሉም አሳየች። መምህራኑ ነቁ፣ ሒሳቡን በደንብ ማስተማር ያዙ። በ1865 ፈተናው በይፋ ለሴቶች ሲከፈት የወደቁት በጣም ጥቂት ነበሩ።

በ1869 በሂችን ከተማ በኪራይ ቤት፣ በአምስት ተማሪዎች ኮሌጅ ተከፈተ። በ1873 ወደ ካምብሪጅ አጠገብ ተዛውሮ ገርተን ኮሌጅ ተባለ። በዚህ ጊዜ ከወዳጆችም ጋር ክርክር ተነሣ። ሴቶቹ የኋላ ትምህርታቸው ደካማ ስለሆነ የተለየ ፈተና ይሰጣቸው የሚሉ ቅን ሰዎች ነበሩ። እሷ በጭራሽ አልተቀበለችም፤ የተለየ ፈተና ከተሰጠ ዝቅተኛ ነው መባሉ አይቀርምና። ተማሪዎቿ ከወንዶቹ ጋር አንድ ፈተና፣ በአንድ የጊዜ ገደብ እንዲወስዱ አደረገች። በ1873 ሦስት ተማሪዎቿ የካምብሪጅን የመጨረሻ ፈተና አለፉ። ዲግሪ ግን አልተሰጣቸውም!

ጉድለት አልነበራትም አንልም። በ1871 ተማሪዎቿ የወንድ ልብስ ለብሰው ቴአትር ቢሠሩ የኮሌጁ ስም ይጠፋል ብላ ከለከለች፤ እነሱም ክፉኛ ተቆጡ። በር ለማስከፈት ስትል በውስጥ ያሉትን አጥብቃ ያዘቻቸው። ይህም ከታሪኳ የሚገኝ ትምህርት ነው።

በ1897 ለሴቶች ዲግሪ ይሰጥ የሚለው ሐሳብ በዩኒቨርሲቲው ድምፅ ተሰጥቶበት ወደቀ። ኤሚሊ በ1918 በ88 ዓመቷ ለፓርላማ ምርጫ ድምፅ ለመስጠት በቃች፤ በ1921 ዐረፈች። ካምብሪጅ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ የሰጠው በ1948፣ እሷ ከሞተች ከ27 ዓመት በኋላ ነው።

እንግዲህ ነገ ክፍል ገብተን የሴት ልጆች የሒሳብ ውጤት ዝቅ ብሎ ስናይ፣ አይችሉም ከማለታችን በፊት የራሳችንን አስተማማር እንመርምር። እነዚያ 34 ልጃገረዶች ለሁላችንም ምስክር ናቸው።