በሌለ ጫማ የሚታወሰው ሻምበል አበበ ቢቂላ

ከመርካቶው ምናለሽ ተራም ይሁን ከባሕር ማዶ የአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ሰው አበበ ቢቂላ ሮም ላይ የሮጠበትን ጫማ አገኘሁ ብሎ ለሽያጭ ቢያቀርብ፣ ዕቃው ሳይታይ ሐሰት መሆኑን መናገር ይቻላል። እንዲህ ያለ ጫማ የለም። አበበ የሮምን ጎዳና 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ያቋረጠው በባዶ እግሩ ነበርና።

የቆዩ የስፖርት ዕቃዎችን እያሰሱ የሚሰበስቡ ሰዎች በዓለም ዙሪያ ብዙ ናቸው። እንግሊዛዊው ሮጀር ባኒስተር በ1954 እ.ኤ.አ. አንድ ማይልን ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠበት ጥንድ ጫማ በ2015 እ.ኤ.አ. በጨረታ በ266 ሺህ 500 ፓውንድ ተሽጧል። አሜሪካዊው ጄሲ ኦውንስ በ1936 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ካገኛቸው የወርቅ ሜዳሊያዎች አንዱ በ2013 እ.ኤ.አ. ከ1 ነጥብ 4 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። በዚህ ዓለም ውስጥ የአበበ ቢቂላ ስፍራ ልዩ ነው። ከሁሉ የላቀው ድሉ፣ ሰብሳቢዎች አስቀድመው የሚፈልጉትን ዕቃ አልተወም።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ከተማ ብዙ በማይርቅ የሸዋ ገጠር፣ ጃቶ በተባለች መንደር ተወለደ። በዚያው ዕለት በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር ይካሄድ ነበር። ገና ሕፃን ሳለ የፋሺስት ጣሊያን ጦር አገሩን ወረረ፤ ቤተሰቡም ቀዬውን ለቅቆ ተሰደደ። ከድል በኋላ ተመልሶ እንደ ማንኛውም የደጋ ልጅ ከብት እየጠበቀ አደገ።

የመጀመሪያው የስፖርት መሣሪያው ከዛፍ የተቆረጠ የገና ዱላ ነበር። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አንባቢ ጨዋታውን ያውቀዋል። ሩሯን ከተጋጣሚ ለማሳለፍ ሜዳ ለሜዳ፣ አንዳንዴም ከመንደር እስከ መንደር ይሮጣል። ልጅነቱን በዚህ ሩጫ ያሳለፈ እግር ርቀት አይፈራም። ያን ዱላ ግን ማንም አላስቀመጠውም። ታላቅ የሚሆነውን ሰው በልጅነቱ ለይቶ የሚያውቅ የለምና፣ ከጀግኖች ዕቃ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋው የልጅነታቸው ነው።

አበበ ወጣት ሳለ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ ተቀጠረ። በዚያም ኦኒ ኒስካነን ከተባለ፣ ከስዊድን ከመጣ አሠልጣኝ ጋር ተገናኘ። አሠልጣኙ በጸጥተኛው ወታደር ውስጥ ጽናትን አየ፤ በተራራና በሜዳ፣ በጫማና በባዶ እግር እያስሮጠ አዘጋጀው። መጋቢት 7 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ከወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ጋብቻ መሠረተ። ስድስት ወር ሳይሞላ ወደ ሮም ተጓዘ።

ሮም ላይ የቀረቡለት ጫማዎች እግሩን አልተመቹትም። አዲስ ጫማ እግር ልጦ ከሩጫ ከሚያስወጣ፣ የለመደውን ባዶ እግር መረጠ። ውድድሩ የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አመሻሽ ላይ፣ በኢትዮጵያ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። በደረቱ ላይ 11 ቁጥርን ለጥፎ፣ አረንጓዴ ካናቴራ ለብሶ ተሰለፈ።

በዚያ ምሽት አንድ ቁጥር ታሪክ ሠርቷል። አበበ እንዲጠነቀቀው የተነገረው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም 26 ቁጥርን እንደሚለብስ ተነግሮት ነበር። ራዲ ግን 185 ቁጥርን ለብሶ ወጣ። አበበ 26 ቁጥርን ከፊቱ እየፈለገ፣ የሚፈልገው ሰው ግን ከጎኑ እየሮጠ ብዙ ኪሎ ሜትር አብረው ተጓዙ። በጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር።

ውድድሩ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ አበበ ከአሠልጣኙ ጋር አስቀድሞ ያጠናው ስፍራ ደረሰ። በዚያ ስፍራ ፋሺስቶች ከአክሱም ነቅለው የወሰዱት ሐውልት ቆሞ ነበር። ከዚያ አካባቢ ፍጥነቱን ጨምሮ ራዲን ተለየው። በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር ሲገባ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ነጥብ 2 ሰከንድ ፈጅቶበት ነበር። ራዲ በ25 ሰከንድ ተከትሎት ገባ። ሰዓቱ በወቅቱ በዓለም ከተመዘገበው ሁሉ የፈጠነ ነበር። የኢትዮጵያ የመጀመሪያ የኦሊምፒክ ወርቅ የተገኘው በዚህ መልክ ነው።

ሲመለስ ሕዝቡ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ወጥቶ ተቀበለው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻን ሸለሙት፤ ማዕረጉም ወደ አሥር አለቃነት ከፍ አለ።

ከሮም ድል በኋላ የጫማ ሠሪዎች ዓይን በእግሩ ላይ አረፈ። በ1953 ዓ.ም. አቴንስ ላይ እንደገና በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። በሰኔ ወር ለኦሳካው ማራቶን ወደ ጃፓን ሲሄድ ግን፣ የጫማ ፋብሪካ ባለቤቱ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ ካረፈበት ሆቴል ድረስ መጥቶ በጫማ እንዲሮጥ አግባባው። አበበ ተጫምቶ ሮጠ፤ አሸነፈም። እንግዲህ የጫማው ታሪክ የሚጀምረው ከኦሳካ እንጂ ከሮም አይደለም። እውነተኛን ዕቃ ከሐሰተኛው ለመለየት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ይህን የዘመን ቅደም ተከተል ማወቅ ይኖርበታል።

በ1957 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ሊካሄድ አምስት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ብዙዎች አይሮጥም ብለው ደመደሙ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ግን 17 ቁጥርን ለብሶ፣ ፑማ ጫማ ተጫምቶ ተሰለፈ። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ነጥብ 2 ሰከንድ በሆነ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን፣ ሁለተኛ የወጣውን እንግሊዛዊ ከ4 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ። ከገባም በኋላ ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የመቶ አለቅነት ማዕረግ፣ የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን፣ ቤትና ቮልስዋገን መኪና ተሰጠው።

በሜክሲኮ ኦሊምፒክ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በእግሩ ጉዳት ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። ወርቁን የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ አመጣው። አበበም የሻምበልነት ማዕረግ አገኘ።

በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን ሌሊት የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠች። የአንገቱ አጥንት ተጎዳ፤ ዓለም ያደነቃቸው እግሮቹም ከዚያ በኋላ አልቆሙም። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። ብዙ ወራት ከታከመ በኋላ እጆቹን ማንቀሳቀስ ቻለ። ተስፋ በመቁረጥ ፈንታ ቀስት አነሣ። በ1970 እ.ኤ.አ. በዚያው በእንግሊዝ በተካሄደ የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራ ተሰለፈ፤ በተከታዩም ዓመት በኖርዌይ በቀስት፣ በጠረጴዛ ቴኒስና በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ተወዳደረ። የሯጩን ጫማ ብቻ የሚፈልግ ሰብሳቢ የዚህን ሰው እኩሌታ ይስታል። ተሽከርካሪ ወንበሩና ቀስቱም የድሉ ምስክሮች ናቸው።

ሻምበል አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ደም መፍሰስ ምክንያት በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ሸኘው።

ስሙ ግን ዕረፍት አላገኘም። በ2010 እ.ኤ.አ. ቪብራም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ፣ በባዶ እግር የመሮጥን ስሜት ይሰጣል የተባለ ጫማ ቢቂላ በሚል ስም ለገበያ አቀረበ። ቤተሰቡ ስሙ ያለፈቃድ ጥቅም ላይ ውሏል በማለት በ2015 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ክስ መሠረተ። ፍርድ ቤቱ በቀጣዩ ዓመት ክሱን ዘጋው፤ ምክንያቱም ቤተሰቡ ጉዳዩን ካወቀ በኋላ ለመክሰስ ዘግይቷል የሚል ነበር። በሮም ጫማ ያልነበረው ሰው ስሙ በጫማ ላይ ተሸጠ። ቅርስን በጊዜው አለመጠበቅ የሚያስከፍለው ዋጋ ከዚህ በላይ በግልጽ አይታይም።

ግሪኮች ያደረጉት ከዚህ ይለያል። በ1896 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈው ስፓይሪዶን ሉዊስ የተሸለመው የብር ዋንጫ በ2012 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ለጨረታ ቀረበ። አንድ የግሪኮች የበጎ አድራጎት ድርጅት 541 ሺህ 250 ፓውንድ ከፍሎ ገዛውና ሕዝብ እንዲያየው አደረገ። እኛም የተወሰደን ማስመለስ እንደሚቻል እናውቃለን። አበበ ራዲን በተለየበት አካባቢ ቆሞ የነበረው የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ፣ በ2000 ዓ.ም. በቀድሞ ስፍራው ቆሟል።

የስፖርት ቅርስ ግን እንደ ሐውልት ግዙፍ አይደለም። በሳጥን ሥር ያለ የደበዘዘ ፎቶግራፍ፣ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ቁራጭ፣ የውድድር ደረት ቁጥር ወይም የዛገ ዋንጫ ነው። ቁራሌው ሲጣራ ከአሮጌ ብረት ጋር ተመዝኖ፣ ልዋጭ ሲመጣ በሳህን ተለውጦ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ታሪኩ ከተለየው፣ ዕቃው ቢገኝ እንኳ የማን እንደነበረ ማረጋገጥ ያስቸግራል። የዕቃው ክብር ያለው ከባለቤቱ ስም፣ ከቀኑና ከቦታው ጋር አብሮ ሲቆይ ነውና።

ስለዚህ በነፋስ መውጫ፣ በወገዳም ሆነ በመካነ ኢየሱስ በክቡር ዘበኛ ያገለገሉ አያት፣ በትምህርት ቤት ውድድር የሮጡ አባት ወይም እናት ያሉት ቤተሰብ ሳጥኑን ከፍቶ ቢያይ መልካም ነው። ከፎቶግራፉ ጀርባ በእርሳስ ስም፣ ዓመተ ምሕረትና ስፍራ ይጻፍበት። ወረቀቱ ከጢስ፣ ከርጥበትና ከፀሐይ ይራቅ። ሜዳሊያው ይብራ ተብሎ በአመድ አይፈተግ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ታሪኩን የሚያውቁ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ።

አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ጫማ ባይተውም ታሪኩ የቆየው፣ በዚያ ምሽት ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና መንገዱን የጻፉና ፎቶግራፍ ያነሡ ሰዎች ስለነበሩ ነው። የገና ዱላውን ግን ያየለት አልነበረም።