ቱፓያ፤ የውቅያኖሱ ሊቅ

የካፒቴን ኩክን ስም በትምህርት ቤት ያልሰማን ጥቂቶች ነን፤ በፓሲፊክ ውቅያኖስ፥ በፖሊኔዥያ ደሴቶች መካከል መንገድ የመራውን ቱፓያን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ቱፓያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1725 ገደማ በራያቴያ ደሴት ተወለደ። ካህን ነበረ፤ የከዋክብትን፥ የነፋስንና የሞገድን ጠባይ ያለ አንዳች ጽሕፈት በቃሉ ተምሮ ያውቅ ነበር። የቦራ ቦራ ተዋጊዎች አገሩን በወረሩ ጊዜ ወደ ታሂቲ ተሰደደ። በ1769 ኩክ ወደዚያ ሲመጣ በመርከቡ ተሳፈረ።

በጕዞው ላይ ከመርከቡ ሰዎች ጋራ ሆኖ ከ70 የሚበልጡ ደሴቶች የሠፈሩበትን ካርታ አዘጋጀ። መርከቡ ወዴትም ቢዞር፥ ታሂቲ በየት በኩል እንደ ነበረች ያለ መሣሪያ ያመለክት ነበር። ኒው ዚላንድ ሲደርሱም የማኦሪዎቹ ቋንቋ ለእርሱ ቋንቋ የቀረበ ስለ ነበረ አስተርጓሚና አስታራቂ ሆነ።

ነገር ግን እንግሊዝ አገርን ሳያይ፥ ዛሬ ጃካርታ በምትባለው በባታቪያ በ1770 በበሽታ ሞተ። ኩክ በ1773 ወደ ኒው ዚላንድ ሲመለስ ማኦሪዎቹ አጥብቀው የጠየቁት ስለ ቱፓያ ነበር።

ፊደል ያልቆጠረውን ሁሉ አላዋቂ ብለን ለምንንቅ ለእኛ ለተማሪዎች ይህ ሕይወት ተግሣጽ ነው። በየመንደራችን ያሉትን ሽማግሌዎች ሳይሞቱ እንጠይቃቸው።