ዳግማዊ ምኒልክና የአዲስ አበባ መሬት

ዳግማዊ ምኒልክ በነሐሴ ወር 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። በልጅነታቸው በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው በመቅደላ ዐሥር ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ፣ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው የሸዋን መንበር ያዙ፤ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆኑ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መሬቷ የተያዘው በሰፈር ነበር። መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው ኮረብታ ኮረብታውን ሲይዙ፣ መንገድ የሚባለው በሰፈርና በሰፈር መካከል የተረፈው የእግረኛና የበቅሎ መተላለፊያ ብቻ ነበር። በደቡብ የምትገኘው ጎፋም ስሟን የወረሰችው ከሩቁ የጎፋ አገር ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1900 ዓ.ም. የከተማ መሬት ደንብ አወጡ፤ ባለይዞታውም ቦታውን በሰነድ ለመያዝና ለመሸጥ በቃ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያው አውቶሞቢል ከተማዪቱ ገባ። ለመኪና የሚበቃ መንገድ በመሪ ፕላን እስኪነደፍ ግን ሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል አለፉ፤ በመካከሉ አጥሩ መንገዱን ቀደመው።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ለቀያሹ የተረፈው ትምህርት ግልጽ ነው፤ በጎፋም ሆነ በሌላ አዲስ ሰፈር፣ የመንገዱ መሐል መስመር በጽኑ ችካል ሳይታወቅ የግል ቦታ ቢሸነሸን፣ ዕዳውን ኋላ የሚከፍለው ቤቱ የሚፈርስበት ነዋሪ ነው።