በግዴታና በምርጫ መካከል፦ የዮሴፍ አልበርስ የስቱዲዮ ትምህርት (1888–1976)

መግቢያ

የሥነ ጥበብና የዲዛይን ኮሌጅ ሥርዓተ ትምህርት በሚቀረጽበት ጊዜ ሁሉ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ተማሪው የግድ ሊያልፍበት የሚገባው የስቱዲዮ ኮርስ የትኛው ነው? ለራሱ ምርጫ የሚተወውስ የትኛው? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የሰዓትና የክሬዲት ድልድል ብቻ ይመስላል። በውስጡ ግን የሥዕልና የዲዛይን ትምህርት ተሰጥዖ አላቸው ለሚባሉ ጥቂቶች ነው ወይስ ማየትን ለመማር ለፈለገ ሁሉ የሚለው ክርክር አለ።

ጀርመናዊው ሠዓሊና መምህር ዮሴፍ አልበርስ በ3 ተቋማት በመሠረቱ አንድ ዓይነት የማስተማር አካሄድ ተከትሏል። በመጀመሪያው ተቋም ኮርሱ ግዴታ ነበር፤ በሁለተኛው ምርጫ ሆነ፤ በሦስተኛው ደግሞ በአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የትምህርት ክፍል መሠረት ሆነ። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የመምህሩን ሕይወት በዚህ ጥያቄ አንጻር መዳሰስ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና የመጀመሪያ ሙያ

አልበርስ ማርች 19 ቀን 1888 በጀርመን የድንጋይ ከሰል ማዕድን ቀጠና በምትገኘው ቦትሮፕ ከተማ ተወለደ። አባቱ ቤት በመቀባት የሚተዳደር ባለሙያ ስለ ነበረ፣ ልጁ ቀለምን፣ እንጨትንና መስታወትን በእጁ እየነካ አደገ። በ1908 የመምህርነት ማስረጃ አግኝቶ ለ5 ዓመታት ያህል በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማረ። ከ1913 እስከ 1915 በርሊን ውስጥ የሥዕል መምህርነት ሥልጠና የወሰደ ሲሆን፣ ከዚያም በኤሰንና በሙኒክ ትምህርቱን ቀጠለ።

ይህ ቅደም ተከተል ለኋላ ሥራው ትርጉም አለው። አልበርስ ወደ ሥነ ጥበብ ትምህርት የገባው የሕፃናት መምህር ሆኖ ነው። በመሆኑም ከፊቱ የሚቀመጠው ተማሪ ሁሉ ሠዓሊ ይሆናል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ባውሃውስ፦ ኮርሱ በር በሆነበት ጊዜ

በ1919 በቫልተር ግሮፒየስ አማካይነት በቫይማር ከተማ የተመሠረተው ባውሃውስ የሥነ ጥበብንና የእጅ ሙያን ትምህርት በአንድነት የያዘ ተቋም ነበር። አልበርስ በ1920 በ32 ዓመቱ ተማሪ ሆኖ ገባ። ቀለምና ሸራ ለመግዛት አቅም ስላልነበረው ከከተማው የቆሻሻ መጣያ የጠርሙስ ስብርባሪ እየለቀመ በብርሃን የሚታዩ የመስታወት ሥራዎችን ሠራ። ከእጅ የማይጠፋን ተራ ቁስ በአስተውሎት ወደ ሥራ መለወጥ ኋላ የትምህርቱ ምሰሶ ሆነ።

በባውሃውስ ማንኛውም ተማሪ ወደ እንጨት፣ ብረት፣ ሽመና ወይም ሌላ ወርክሾፕ ከመግባቱ በፊት የመሰናዶ ኮርስ መውሰድ ነበረበት። ኮርሱን ያቋቋመው ዮሐንስ ኢተን ሲሆን፣ እርሱ በ1923 ተቋሙን ሲለቅ ትምህርቱ ለላስሎ ሞሆሊ ናጊና ለአልበርስ ተከፈለ። ከ1928 ጀምሮ ኃላፊነቱ በአልበርስ እጅ ሆነ።

ከመልመጃዎቹ እጅግ የታወቀው የወረቀት መልመጃ ነው። ተማሪው የሚሰጠው ወረቀት ብቻ ነው፤ ሙጫ አይፈቀድም፤ ብጣሽ እንዲቀርም አይፈለግም። በማጠፍና በመቁረጥ ብቻ ወረቀቱ ራሱን ችሎ የሚቆምበትን መላ ማግኘት አለበት። መለኪያው የሥራው ውበት ሳይሆን በጥቂት ቁስና በጥቂት ድካም የተገኘው ውጤት ነበር። ኮርሱ የመግቢያ በር ስለ ነበረ ግን ዳኝነትም ነበረበት፤ ያላለፈ ተማሪ ወደ ወርክሾፑ አይገባም።

በ1925 ተቋሙ ወደ ዴሳው ሲዛወር አልበርስ አብሮ ሄደ፤ በዚያው ዓመት የሽመና ጥበብ ተማሪ የነበረችውን አኒ ፍላይሽማንን አገባ። የናዚ ፓርቲ ተጽዕኖ ሲበረታ ባውሃውስ በ1932 ወደ በርሊን ተሰደደ፤ በ1933 ተዘጋ። አኒ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደች በመሆኗ ለባልና ሚስቱ የጀርመን ኑሮ ማክተሙ ግልጽ ሆነ።

ብላክ ማውንቴን፦ ግዴታ በሌለበት

በዚያው ዓመት በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ብላክ ማውንቴን የተባለ አነስተኛ ኮሌጅ ተመሥርቶ ነበር። መሥራቾቹ ሥነ ጥበብን የአጠቃላይ ትምህርት ማእከል ለማድረግ አስበው፣ በፊሊፕ ጆንሰን ጥቆማ አልበርስን ጋበዙ። አልበርስ በኖቬምበር 1933 ሲደርስ እንግሊዝኛው እጅግ ውስን ነበር።

በዚህ ኮሌጅ የግዴታ ኮርስ አልነበረም። ተማሪው ከአማካሪ መምህሩ ጋር ተነጋግሮ የሚማረውን ራሱ ይመርጣል። ውጤት ቢመዘገብም ወደ ሌላ ተቋም ለሚዛወር ተማሪ እንዲያገለግል እንጂ ለተማሪው አይነገርም ነበር። ለመመረቅ የሚፈልግም ከውጭ በተጋበዙ ፈታኞች ይመዘናል።

እንዲህ ባለው ሥርዓት በባውሃውስ በር የነበረው ኮርስ ማንም ሊያልፈው የሚችል አማራጭ ሆነ። ነገር ግን ሳይንስም ሆነ ሥነ ጽሑፍ ሊያጠኑ የመጡ ተማሪዎች፣ የኮሌጁ መምህራን ሳይቀሩ፣ በአልበርስ የንድፍ፣ የቀለምና የቁስ ጥናት ክፍሎች ተቀመጡ። ምክንያቱ ከመልመጃዎቹ ባሕርይ ሊገመት ይችላል። ስምን በመስታወት እንደሚታይ ገልብጦ መጻፍ ወይም የቅጠልን ገጽታ በፍጹም ሌላ ቁስ መምሰል ቀድሞ የተገኘ ችሎታን አይጠይቅም። የሚጠይቀው ትኩረትን ነው።

የሁለት ተማሪዎች ዕጣ የዚህን ትምህርት ስፋት ያሳያል። ሩት አሳዋ በጦርነቱ ጊዜ በጃፓናዊ ትውልዷ ምክንያት ከቤተሰቧ ጋር በአሜሪካ ካምፖች ታግታ የነበረች፣ በዚሁ ትውልዷ የተነሣም የመምህርነት የተግባር ልምምድ የተነፈገች ወጣት ነበረች። በ1946 ወደ ኮሌጁ መጥታ በሽቦ የተጠለፉ ቅርጾችን የምትሠራ ታላቅ ቀራፂ ሆነች፤ በኋላም በሳን ፍራንሲስኮ ትምህርት ቤቶች ለሕፃናት የሥነ ጥበብ ወርክሾፕ አቋቋመች። በ1948 የገባው ሮበርት ራውሸንበርግ በአንጻሩ ከመምህሩ ጋር አልተስማማም፤ አልበርስም ሥራውን አልወደደለትም። ይሁን እንጂ ራውሸንበርግ ከታወቀ በኋላ አልበርስን ከመምህራኑ ሁሉ ዋነኛው አድርጎ ይቆጥረው ነበር።

የል፦ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ

አልበርስ በኮሌጁ ውስጥ በተነሣ አለመግባባት በ1949 ለቀቀ። በ1950 በ62 ዓመቱ የየል ዩኒቨርሲቲ የዲዛይን ትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆነ፤ እስከ 1958ም በኃላፊነቱ ቆየ። በዚህ ተቋም መሠረታዊ ንድፍና ቀለም በተደራጀ መርሐ ግብር ውስጥ ቦታ አገኙ።

በቀለም ኮርሱ ተማሪዎች በቅብ ፋንታ ባለቀለም ወረቀት ይጠቀሙ ነበር። አንዱን ቀለም በተለያየ መደብ ላይ በማኖር ሁለት ማስመሰል፣ ሁለቱን ቀለም ደግሞ አንድ ማስመሰል ከመልመጃዎቹ ይገኙበታል። ተማሪው ዓይኑ እንደሚሳሳት በራሱ ሙከራ ያረጋግጣል፤ ንድፈ ሐሳቡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የእነዚህ ዓመታት ፍሬ በ1963 የየል ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ባሳተመው የቀለም መስተጋብር መጽሐፍ ተጠቃለለ።

አልበርስ ራሱ በ1950 የካሬ ተከታታይ ሥዕሎቹን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ከ1,000 በላይ ሠራ። ለተማሪው የሚሰጠውን ጥያቄ ለራሱም ማቅረቡን አላቋረጠም ማለት ነው። በ1971 በኒው ዮርክ የሜትሮፖሊታን ሙዚየም በሕይወት እያለ የሥራዎቹ አጠቃላይ ዐውደ ርእይ የቀረበለት የመጀመሪያው ሠዓሊ ሆነ። ማርች 25 ቀን 1976 በኒው ሄቨን አረፈ።

ማጠቃለያ

የአልበርስ ሕይወት ለግዴታና ለምርጫ ክርክር ቀላል መልስ አይሰጥም። የብላክ ማውንቴን ነፃነት የተቻለው ኮሌጁ እጅግ ትንሽ በመሆኑና እያንዳንዱ ተማሪ የቅርብ አማካሪ ስለ ነበረው ነው፤ ኮሌጁም በገንዘብ እጦት በ1957 ተዘግቷል። የመምህሩ ጥብቅነት የከበዳቸው ተማሪዎችም ነበሩ። በትምህርት ቤት ራስን ከመግለጽ በፊት ማየት ይቀድማል የሚለው አቋሙ ዛሬም ያከራክራል።

ሆኖም ከ3ቱ ተቋማት ንጽጽር አንድ ነገር ይገኛል። የኮርሱ ደረጃ ከግዴታ ወደ ምርጫ ቢለወጥም መልመጃዎቹ ጸንተዋል፤ ተሰጥዖን ሳይሆን ትኩረትን ስለሚጠይቁ ለሠዓሊውም ሠዓሊ ለማይሆነውም አገልግለዋል። ስለዚህ ሥርዓተ ትምህርት ቀራጮች አንድን የስቱዲዮ ኮርስ ግዴታ ከማድረጋቸው በፊት፣ ግዴታው ቢነሣ ተማሪው ይመርጠው እንደሆነ መጠየቅ ይገባቸዋል። የአልበርስ ኮርስ ይህን ፈተና በብላክ ማውንቴን ለ16 ዓመታት ተፈትኖ አልፏል።